ሐረርን በማታ መጎብኘት፦ እንደ ኤደንብራው ጎስት ቱር የሚያዞር ሰው ይገኛል? ልጅ ይዞ መሄድስ?

የአዳማዋ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ከአዳማ ነው የምጽፈው። የአክስቴ ልጅ ስኮትላንድ ነው የምትኖረው፣ በሚቀጥለው ወር ለእረፍት ትመጣለች። እዚያ ኤደንብራ ውስጥ ጎስት ቱር (የመናፍስት ጉብኝት) የሚባል ነገር አለ። ሲመሽ አስጎብኚው ሰው ሰብስቦ በአሮጌው ከተማ ጠባብ መንገዶች፣ በመቃብር ስፍራና ከድልድይ ስር ባሉ ክፍሎች እያዞረ የሞቱ ሰዎችን ታሪክ ይነግራቸዋል። እሷ ይሄን ነገር በጣም ትወደዋለች። በደወለች ቁጥር «እናንተ ጋ እንደዚህ ያለ የለም? ያን ሁሉ ታሪክ ይዛችሁ?» ትለኛለች። እኔም ማሰብ ጀመርኩ። አዳማ የባቡር ከተማ ናት፣ ገና ልጅ ናት። ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ሐረር አትሻልም? ግንቡ አለ፣ ጅቡ አለ፣ የጅን ወሬው አለ።

ጥያቄዬ እንዲህ ነው። ጁገል ውስጥ፣ ማለት በግንብ በተከበበው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ በማታ እያዞረ ታሪኩንም የድሮውን ወሬም የሚነግር አስጎብኚ ይገኛል? ወይስ ጅብ ሲበላ አይቶ መመለስ ብቻ ነው? የ9 ዓመት ልጅ አለኝ፣ ካልወሰድሽኝ ብሎ ወጥሮ ይዞኛል። ጅቡስ ይሁን፣ ወሬውን ሰምቶ እንቅልፍ ቢያጣስ ብዬ እሰጋለሁ። ሌላዋ ደግሞ እናቴ ናት። ጉዳዩን ስትሰማ አማተበችና «ጋኔን ሲጠሩት ይመጣል፣ ምን ጎደላችሁና ነው?» አለችኝ። እናቴን ማስቀየም አልፈልግም፣ የምትለውንም እንደ ተራ ነገር አላየውም። የሄደ፣ እዚያ የተወለደ፣ ወይም የኤደንብራውን አይቶ የሚያነጻጽርልኝ ሰው ካለ እባካችሁ ዘርዘር አድርጋችሁ ጻፉልኝ።

---

የጁገል ልጅ

እህቴ ሰላም ነሽ? ተወልጄ ያደግኩት ጁገል ውስጥ ነው፣ እንጀራ ፍለጋ አዳማ ከገባሁ ቆይቻለሁ። ትኬት ቆርጠሽ በዚህ ሰዓት ይነሳል የሚባል ነገር አትጠብቂ። ፈቃድ ካለው የከተማው አስጎብኚ ጋር ቀድማችሁ ተነጋግራችሁ ነው የምታዘጋጁት። ጉብኝቱ ምን እንዲሆን እንደምትፈልጉ ግልጽ አድርጋችሁ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት ጅቡን አሳይቶ ሆቴላችሁ ይመልሳችኋል። አስጎብኚው ጁገል ውስጥ ያደገ ይሁን። ይሄ ዋናው ነው። ሌላው ግንቡን ያሳይሻል፣ ያደገበት ሰው ግን አያቱ የትኛው ጥግ ላይ ሲደርሱ ቢስሚላህ ይሉ እንደነበር ይነግርሻል።

ጉዞውን ፀሐይ ሳትጠልቅ ጀምሩት። ከፈረስ መጋላ አደባባይ ተነስታችሁ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ውረዱ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ገና ሥራ ላይ ናቸው። ከዚያ የድሮው የሐረር ገዥ ወደነበረው ወደ አሚር ኑር መቃብር። እዚያ ቆሞ የሚነገረውን ታሪክ በደንብ የሚያውቅ ሰው ሲነግርሽ ፀጉርሽ ይቆማል፣ ምንም መንፈስ ሳይጨመርበት ነው የምልሽ። ባቲ ድል ወንበራ የኢማም አሕመድ ባለቤት ነበረች። ባሏ ከተገደለ በኋላ ደሙን ለሚመልስልኝ ሰው ካልሆነ አላገባም አለች ይባላል። ኑር አገባት። በ1551 ዓ.ም አፄ ገላውዴዎስ ከኑር ጦር ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ከተማዋን የሚከበው ግንብም በኑር እንደተሠራ ነው የምንነግረው። ከዚያ ግን ረሃብ መጣ፣ ወረርሽኝ ተከተለ፣ ኑር ራሱም በወረርሽኙ ሞተ። ግንቡ ጠላትን አገደ፣ በሽታውን ማገድ አልቻለም። በቀን ብርሃን ስትሰሚው ታሪክ ነው፣ ሲመሽ መቃብሩ አጠገብ ቆመሽ ስትሰሚው ሌላ ነው።

አሁን ወደ ጅቡ። ለጎብኚ የሚታየው መመገብ ከግንቡ ውጭ፣ በበሮቹ አካባቢ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ነው የሚጀመረው። በጎብኚ ዘንድ የታወቀው ካለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ነው። የጅቡና የከተማው ነገር ግን ከዚያ በጣም ይርቃል። አባቶች እንደሚተርኩት በአንድ የረሃብ ዘመን ጅብ ሰው መብላት ጀመረ። አዋች፣ ማለት ቅዱሳኑ፣ ሐኪም ተራራ ላይ ተሰብስበው መከሩ። ገንፎ ሠርተው ለጅቡ ሰጡትና ሰላም ወረደ። ለዚህ ነው እስከዛሬ በአሹራ ቀን ቅቤ ያለው ገንፎ ለጅብ የሚቀርበው። ሽማግሌዎቹ አበላሉን አይተው ዓመቱን ይናገራሉ። ጥሩ አድርጎ በልቶ ጥቂት ካስተረፈ ዓመቱ መልካም ነው፣ ጭራሽ እምቢ ካለ ወይም አንድ ሳያስቀር ጠርጎ ከበላ ያስፈራል።

ለአንቺ ጥያቄ ግን ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ግንቡ ውስጥ ወራባ ኑዱል የምንላቸው ጅብ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ማታ ጅቡ በነሱ ገብቶ በየቀጭኑ መንገድ እየዞረ ቆሻሻውን ይጠርጋል። የኛ ሰው ደግሞ ጅን ይበላል ይላል። ከተማው ውስጥ የተደበቀ ክፉ ነገር ካለ ጅቡ አሽትቶ ያገኘዋል፣ ይውጠዋል። ስለዚህ እኔ ልጅ ሆኜ ማታ ከመስኮት ስር የጅብ ድምፅ ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልፈራም። አዳማ ከመጣሁ በኋላ ነው ሰው ጅብን ከቡዳ ጋር አያይዞ ሲፈራ ያየሁት። አንዱ ጋ ጅቡ ራሱ የሚያስፈራው ነው፣ እኛ ጋ የሚያስፈራውን የሚያባርረው ነው። የአክስትሽ ልጅ ኤደንብራ ይሄን አታገኝም።

ስለ ልጅሽ፦ በእጅሽ ያዢው፣ አይሩጥ፣ ድንጋይ አይወርውር፣ ካሜራው ፍላሽ አያብራ። መንገድ ላይ ጅብ ከመጣ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላችሁ አሳልፉት። መንገዱ የሱም ነው።

---

ኤደንብራ የተማርኩ

እኔ የኤደንብራውን ስለማውቀው ከዚያ በኩል ልጻፍልሽ፣ የአክስትሽ ልጅ ምን ለምዳ እንደምትመጣ ለማወቅ ይጠቅምሻል።

እዚያ የሚወስዱሽ በተለይ ሦስት ቦታ ነው። አንዱ የሳውዝ ብሪጅ ጓዳዎች ናቸው። ድልድዩ እ.ኤ.አ. በ1788 የተከፈተ ነው፣ 19 ቅስት አለው፣ ግራና ቀኙ ላይ ሕንፃ ስለተሠራ ከውጭ የሚታየው አንድ ቅስት ብቻ ነው። በቅስቶቹ ውስጥ የተሠሩት ክፍሎች መጀመሪያ የጫማ ሰሪና የመጠጥ ቤት ነበሩ፣ እርጥበቱ ሲያስቸግር ነጋዴዎቹ ወጡና ማደሪያ ያጡ ድሆች ገቡባቸው። ሁለተኛው ሜሪ ኪንግስ ክሎዝ ነው፣ የከተማው አስተዳደር ሕንፃ በላዩ ላይ ስለተሠራበት ከመሬት በታች የቀረ መንደር ነው። ሦስተኛው ግሬይፍራያርስ የተባለው መቃብር ስፍራ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1679 ለእምነታቸው ብለው ንጉሡን የተቃወሙ 1,200 ያህል ሰዎች በሜዳ ላይ ታስረው ነበር። ያሳደዳቸው ዐቃቤ ሕግ ጆርጅ መኬንዚም እዚያው ግቢ ነው የተቀበረው። የሚፈራው መቃብር የሱ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ የበርክና የሄር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1828 ሁለት ሰዎች 16 ሰው ገድለው ሬሳውን ለአናቶሚ (የሰውነት አካል ጥናት) መምህር ሸጡ። ለትምህርት የሚሆን ሬሳ በሕግ በቂ ስላልነበረ ገንዘቡ ጥሩ ነበር። የሚገድሉት ቢጠፉ ፈላጊ የሌላቸውን ነበር፣ ድሀውን፣ እንግዳውን፣ ማደሪያ ፈልጎ የመጣውን። በርክ ተሰቀለ፣ አፅሙ እስከዛሬ ዩኒቨርሲቲው የአናቶሚ ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። ይሄ ሁሉ የፍርድ ቤት መዝገብ ያለው ታሪክ ነው። አስጎብኚው ጥሩ ከሆነ እዚህ ላይ ድምፁን ቀንሶ ስለተገደሉት ሰዎች ይናገራል፣ ደካማው ደግሞ ከጨለማ ውስጥ ጭምብል ያጠለቀ ሰው አስወጥቶ ያስጮኻችኋል። እኔ ሁለተኛውን ዓይነት አልወድም። የሰው ሞት መጫወቻ ሲሆን ያመኛል።

ደግሞ ሁሉ የሚነገረው እውነት አይደለም። ሜሪ ኪንግስ ክሎዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1645ቱ ወረርሽኝ ጊዜ በሽተኞቹን ከነነፍሳቸው ግንብ ገንብተው ዘጉባቸው የሚለው በሰፊው ይወራል፣ ግን አልተደረገም። ለታመሙት ምግብ ይላክላቸው ነበር።

«መንፈሱን አየሁት» ስለሚሉት ደግሞ ሪቻርድ ዋይዝማን የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እዚያው ድልድዩ ስር ያደረገው ጥናት አለ። ከ200 በላይ ሰዎችን ወደ ተለያዩ ክፍሎች አስገብቶ የተሰማቸውን አስጻፈ። መንፈስ አለባቸው በሚባሉት ክፍሎች ውስጥ ሰዎቹ ብዙ እንግዳ ነገር ተሰማን አሉ። ሲመረምረው የክፍሉ ስፋትና ከፍታ፣ የብርሃኑ ማነስ፣ እነዚህ ነገሮች ከስሜቱ ጋር ተያይዘው ተገኙ። ሰዎቹ አልዋሹም ማለት ነው፣ በርግጥ ተሰምቷቸዋል። ቦታው ነው የሚያደርገው። ለእናትሽ ይሄን መንገር ይጠቅም ይሆናል።

ልጅን በተመለከተ እዚያ ብዙዎቹ አዘጋጆች በጊዜ የሚነሳውን ለቤተሰብ፣ የመጨረሻውን ለአዋቂ ብቻ ያደርጉታል። አንቺም አስጎብኚውን እንዲህ ከፍሎ እንዲያዘጋጅልሽ ጠይቂው። ልጁ እስከ ጅቡ ድረስ አብሯችሁ ይሁን፣ ከበድ ያለውን ታሪክ እናንተ ብቻችሁን ስሙት።

---

አባወራ ከፍራንኮ

ልጄ፣ እናትሽ የምትለው ከባዶ አልተነሳም። ዘዳግም 18 ላይ መናፍስት ጠሪና ሙታን ሳቢ የተከለከሉ ናቸው። ማታ ተሰብስቦ ሻማ አብርቶ «ካለህ ድምፅህን አሰማን» የሚል ጨዋታ ካለበት አትሂጂ፣ ልጁንማ ጭራሽ አታስጠጊው። የፊልም ነገር አይቶ እንደ ጨዋታ የሚያደርገው ወጣት በዝቷል፣ በዚህ ላይ እናቶች ቢቆጡ እውነት አላቸው።

ከተማ ዞሮ ያለፈ ሰው ታሪክ መስማት ግን መጥራት አይደለም። እኛም ልጆች ሆነን ማታ ምድጃ ዳር ነው ያደግነው፣ ስለ ጅብ፣ ስለ ዛር፣ ስለ ወንዝ ዳር ጋኔን ያልሰማነው የለም። እናቶቻችን ናቸው የነገሩን! ቀትር ላይ ወንዝ ብቻህን አትውረድ፣ አመድ ስትደፋ አማትብ፣ ማታ ስምህ ሲጠራ ሦስቴ ሳትሰማ አቤት አትበል። እነዚያ ተረቶች ልጅ ይጠብቁ ነበር። ወንዝ የሚወስደው ልጅ ነበር፣ አውሬ የሚበላው ነበር፣ ተረቱ ነው ቤት ያቆየን።

እኔ የምመክርሽ እናትሽን ይዘሽ ሂጂ። መንገዱ በቁልቢ ያልፋል። ቁልቢ ገብርኤል ተሳልማ፣ ጠበል ቀምሳ፣ ልቧ ረክቶ ሐረር ትገባለች። ማታ እሷ ሆቴል ትረፍ፣ እናንተ ሂዱ። ቤት ትታችኋት ብትሄዱ ግን እስክትመለሱ እንቅልፍ አይወስዳትም፣ ያ ደግሞ ጥሩ አይደለም።

---

የታሪክ መምህር

የተባለው ሁሉ ጥሩ ነው፣ አንድ ነገር ግን ሳይነሳ እንዳይቀር።

ጁገል ሰው የሚኖርበት ሰፈር ነው። በ1998 ዓ.ም በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው ግንቡና መስጊዶቹ ከነዋሪው ጋር ነው። ከ80 በላይ መስጊድ፣ ከ100 በላይ የአውልያ (የቅዱሳን) መቃብር እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ አለ። ማታ በዚያ ስትሄዱ የሰው መኝታ ቤት ሥር ነው የምትሄዱት፣ የሰው የጸሎት ቦታ አጠገብ ነው የምትቆሙት። መጮህ የለም፣ ሳይጠየቅ ሰውን ፎቶ ማንሳት የለም፣ መቃብሩ ጋ ስትደርሱ ጫማና አለባበስ እንደ ቦታው ሥርዓት። ኤደንብራ ድልድዩ ስር ያለው ክፍል ባዶ ነው፣ ይሄ ባዶ አይደለም።

ሁለተኛው የቡዳ ነገር ነው። የጁገል ልጅ በጥሩ አነሳው፣ እኔ ግን ትንሽ ልግፋበት። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ ነበር። የተቀጡ ሰዎች ሬሳ መንገድ ላይ ስለሚጣል ከምሽት እስከ ንጋት ጅብ ከተማውን ይሞላው እንደነበር ጽፏል። ለምሽት ጉብኝት ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል፣ ፋሲል ግንብ ሥር ቆመሽ ስትሰሚው? ግን ያው ጸሐፊ ቀጥሎ የሚጽፈው ይበልጥ ያስደነግጣል። የከተማው ሰው ጅቦቹን ከአካባቢው ተራሮች የሚወርዱ ቤተ እስራኤሎች ናቸው፣ በአስማት ጅብ ሆነው ነው ብሎ ያምን ነበር። ልብ በሉ። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የሚሠራው፣ ሸማ የሚሸምነው ሰው በዚህ ወሬ ምክንያት ስንት ዘመን ተገፋ። ጎረቤቱ አብሮት አልበላም፣ ልጁን አልዳረለትም። ልጅ ሲታመም ጣት የሚቀሰረው በሱ ላይ ነበር። ማረሻውን ግን ከሱ ነው የሚገዙት።

ስለዚህ የምሽት አስጎብኚ የቡዳን ወሬ እንደ ማስፈራሪያ ብቻ ካወራውና ይሄን ካልጨመረበት ሥራውን ግማሽ ነው የሠራው። የ9 ዓመት ልጅ ይሄን ይረዳል። እንዲያውም ከአዋቂ ይሻላል፣ ክፍል ውስጥ በተደጋጋሚ አይቼዋለሁ፣ «ታዲያ ሰውየው ምን አደረጋቸው?» ብለው የሚጠይቁት ልጆች ናቸው።

ለሐረር ደግሞ አንድ ታሪክ ልጨምርላችሁ፣ ማታ በር ላይ ቆማችሁ እንዲነገራችሁ ጠይቁ። ክርስቲያን ከገባባት ከተማዋ ትወድቃለች የሚል ትንቢት ነበር። በ1847 ዓ.ም ሪቻርድ በርተን የተባለ እንግሊዛዊ ገባ። 10 ቀን ገደማ ከአሚሩ ዘንድ እንደ እንግዳም እንደ እስረኛም ሆኖ ቆይቶ በሰላም ወጣ። ከዚያ 20 ዓመት ያህል ቆይቶ ግብፆች ያዟት፣ እነሱ ሲወጡ ደግሞ በ1879 ዓ.ም አሚር አብዱላሂ ጨለንቆ ላይ በምኒልክ ጦር ተሸነፈ። ትንቢቱ ደረሰ የሚል አለ፣ የጊዜው ፖለቲካና የመሣሪያ ጉዳይ ነው የሚል አለ። እኔ ሁለተኛውን ነው የማስተምረው፣ ግን የመጀመሪያውን ሳይሰሙ የከተማውን ሰው ፍርሃት መረዳት አይቻልም። አስጎብኚያችሁን አንድ ነገር ብቻ ለምኑት፤ እያንዳንዱን ሲናገር ይሄ ተጽፏል፣ ይሄ ይባላል ብሎ ይለይላችሁ።

---

ነርስ ነኝ

ስለ ጅቡ አጭር ነገር። መጋቢው ሰውዬ ሥጋውን በእንጨት አድርጎ በአፉ ሲሰጥ አይተው ልጆች እኔም ልሞክር ይላሉ። እኔ ብሆን የ9 ዓመት ልጅ አላስሞክርም። የተላመደ ይምሰል እንጂ የዱር እንስሳ ነው፣ የእብድ ውሻ በሽታ በጅብም ይተላለፋል። በአጋጣሚ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም፣ በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥባችሁ በዚያው ሌሊት ጤና ተቋም ሂዱ። ነገ ይደርሳል አይባልም። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል፣ ቀድሞ የሚሰጠው ክትባት ግን ያድናል። ከጀርባ ቆሞ ማየት ይበቃዋል፣ አምናችሁ ሂዱ፣ የሚያምር ነገር ነው።

---

የአዳማዋ እናት

ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም! አባወራ ከፍራንኮ፣ የእርስዎን ለእናቴ አነበብኩላት። ቁልቢ ሲባል ፊቷ በራ። «እንዲህ ከሆነማ እኔም እመጣለሁ» አለች፣ ያልጠበቅኩት ነገር ነው።

አሁን የቀሩኝ፦ መንገዱ እንዴት ነው? በመኪና ነው በባቡር የሚሻለው እናት ይዞ? ማደሪያውስ ጁገል ውስጥ ነው ወይስ ውጭ? መምህር፣ የቡዳውን ነገር ስላነሱት በጣም አመሰግናለሁ። አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች፣ ሰፈር ውስጥ የሚባለውን እየሰማን ነው ያደግነው። ልጄ ይሄን እዚያ ቆሞ ቢሰማ እፈልጋለሁ።

---

የምሥራቅ መስመር ሹፌር

ከአዳማ ሐረር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በመተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ አሰበ ተፈሪ፣ ሂርና፣ ጨለንቆ፣ ቁልቢ፣ አወዳይ አድርጎ ነው። ጎህ ሲቀድ ተነሱና ቀን ግቡ። እባካችሁ ማታ አትንዱ። እስከ አዋሽ ድረስ የጅቡቲ ከባድ መኪና ይበዛል፣ ከአሰበ ተፈሪ ወዲያ ጠመዝማዛ ነው፣ ጭጋግ ይወርዳል፣ ግመልና ከብት መንገድ ላይ ይቆማል። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከመናኸሪያ ጠይቁ፣ ከሹፌር የሚቀድም ወሬ የለም። እናት ስላለች ሂርና ላይ ወርዳችሁ እግራችሁን አፍታቱ፣ ሻይ ጠጡ። ከዚያ ብርዱ ይጀምራል፣ ጋቢ አትርሱላት።

ባቡሩም ከአዳማ ድሬዳዋ ይወስዳል፣ ከድሬ ሐረር በመኪና 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግን በባቡር ከሄዳችሁ ቁልቢ መንገዳችሁ ላይ አይደለም፣ ዞራችሁ ነው የምትሄዱት። ለእናንተ መኪናው ይሻላል።

---

ለገሃር ሰፈር

ጠያቂዋ አዳማ ገና ልጅ ናት ስላለች ትንሽ ልሟገት። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ የደረሰው በኛ በኩል አልፎ ነው። ሐዲዱን የዘረጉት፣ በበረሃው በጥምና በወባ የሞቱት ሰዎች ስማቸውን የሚጠራ የለም። ከተማችን ከሐዲዱ ጋር ነው ያደገችው። አሮጌው ጣቢያ አካባቢ በምሽት አንድ ሽማግሌ የባቡር ሠራተኛ ቁጭ ብሎ ቢያወራ እኮ ሰው ከፍሎ ይሰማል። ናዝሬት ትባል በነበረበት ዘመን የሠሩ አባቶች አሁንም በየቤቱ አሉ። ስማቸው የጠፋውን ሙታን ማንሳት ከጀመርን ከሰፈራችን እንጀምር እንጂ። የአክስትሽ ልጅ ስትመጣ የመጀመሪያውን ማታ ለዚህ ስጪው። ጡረታ የወጣ ባቡር ነጂ ጎረቤት ካለሽ ቡና አፍልታችሁ ጥሩት፣ ቀረጻውን ግን ፈቅዶላችሁ ያዙት።

---

የጁገል ልጅ

መጨረሻ ስለ ማደሪያው። እናትሽ ደረጃ ከከበዳት ከግንቡ ውጭ ያለው ሆቴል ይመቻታል፣ መኪናም በሩ ድረስ ይገባል። ካልከበዳት ግን ጁገል ውስጥ በሐረሪ ባህላዊ ቤት እንግዳ የሚያሳድሩ ቤተሰቦች አሉ፣ አንድ ሌሊት እዚያ እደሩ። ነደባው፣ ማለት ከፍ ያለው መቀመጫ ላይ ምንጣፍ ይነጠፍላችኋል፣ ግድግዳው በስፌትና በሳህን የተሞላ ነው። የቤቱ እመቤት ከእናትሽ ጋር ቡና እየጠጡ ስለ አዋች ከየትኛውም አስጎብኚ በላይ ይነግሯታል። ሴቶቹ ናቸው ታሪኩን የያዙት። እናትሽ የገብርኤልን ተአምር ትንገራቸው፣ እነሱ የቅዱሳቸውን የአው አባድርን ይንገሯት።

ቀኑን ከረመዳን ውጭ ብታደርጉት ይቀላል፣ በጾሙ ወር ምሽቱ የኢፍጣርና የተራዊህ ጸሎት ሰዓት ነው፣ አስጎብኚውም ከቤተሰቡ ጋር መሆን ይፈልጋል። አሹራን ማየት ከፈለጋችሁ የሙሐረም 10ኛ ቀን ነው፣ በየዓመቱ ቀደም እያለ ስለሚመጣ ቀኑን አስቀድማችሁ አጣሩ። እናንተ የምትመጡት በሚቀጥለው ወር ስለሆነ ለአሁኑ ተራው ምሽት ይበቃል።

ለልጅሽ ደግሞ እንዲህ አድርጊ። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ እያለ፣ ማታ የምትሄዱበትን መንገድ ይዘሽው ዙሪ። ወራባ ኑዱሉን ያሳየው አስጎብኚው፣ እጁን አስገብቶ ይለካው። የጅቡንና የጅኑን ነገር እዚያው በቀን ይንገረው። ማታ ሲመለስ ቦታውን ያውቀዋል፣ ለአክስትሽ ልጅ እሱ ራሱ ማስጎብኘት ይጀምራል። አሪፍ አስጎብኚ የሚባሉ የሰፈሬ ልጆች አሉ፣ ቁጥራቸውን በውስጥ እልክልሻለሁ። ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ፣ የጅብ መጋቢው የሚከፈለው ለብቻ ነው።